ጅራፍና ጎልማሳ

ቡሄ የሚባለው የደብረ ታቦር በዓል በሚከበርበት በነሐሴ 13 ቀን ዋዜማ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስጓዝ፣ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ በበቀለበት መስክ ዳር እረኞች ጅራፍ ሲያጮኹ ሰምቼ ቆምሁ፤ ከእነርሱም አንዱ «ይሞክሩት ጋሼ» ብሎ ቢሰጠኝ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልነካሁትን፣ በበትር ላይ የታሰረ፣ ከልጥ ተገምዶ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ጅራፍ ከራሴ በላይ አዙሬ በድንገት ወደ ኋላ ብመልሰው፣ አእምሮዬ የረሳውን ክንዴ አስታውሶ ኖሮ፣ ድምፁ ማዶ ካለው ጋራ ደርሶ ተመለሰ። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጩኸት በደብረ ታቦር ለተሰማው ለአብ ድምፅ፣ በበዓሉ የሚለኮሰውንም የችቦ ብርሃን በተራራው ላይ ለተገለጠው ብርሃነ መለኮት ምሳሌ አድርገው ያስተምራሉና፣ በልጅነታችን እንደ ዋዛ የያዝነው ነገር ምሥጢር የተሸከመ ትምህርት እንደ ነበረ የምንረዳው ዕድሜ ልቡናችንን ካበሰለው በኋላ ነው። ገበጣውም እንዲሁ፣ ከብት እየጠበቅን በመሬት ላይ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ቆፍረን፣ አራት አራት ጠጠር እያኖርን የተጫወትነው፣ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ሰፊ ጥናት ያሳተሙለት የሒሳብና የማስተዋል ጥበብ ነው። ስለዚህ ጎልማሳ ወደ ልጅነቱ ጨዋታ ቢመለስ ክብሩን ያጎደለ የሚመስለው ሰው እጅግ ይሳሳታል፤ የተመለሰው ከአባቶቹ ወደ ተቀበለው አደራ ነውና። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለመጪው ቡሄ ወደ አገርህ ስትወርድ ለልጅህ የተገዛ አሻንጉሊት ብቻ ይዘህ አትሂድ፤ ከጎኑ ተቀምጠህ ልጡን አብረኸው ግመድ።