ሳተላይቱ ለማን ይመስክር?

ደብረ ታቦር ስንት ሰው ይኖርባታል ብላችሁ ብትጠይቁ አንድ ወጥ መልስ አታገኙም። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከ22 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። በ1999ኙ ከ55 ሺህ በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም፤ በ2011 ይካሄዳል የተባለውም ተራዘመ፣ በዚያው ቀረ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል የጀመረው እንኳ ከመጨረሻው ቆጠራ በኋላ ነው። ዛሬ ስለ ከተማዋ ነዋሪ ብዛት የሚነገረው ሁሉ እንግዲህ ግምት ነው።

ሰው ሳይቆጠር ቢቀርም ጣሪያው ግን ይታያል። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ያነሳሉ፤ ከ2008 ወዲህ ምስላቸው ለማንም በነጻ ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በየጥቂት ቀናት እየተመላለሰ ያነሳል። ጎግል ኧርዝ ላይ የድሮውን ምስል ከፍቶ ከዛሬው ጋር ማነጻጸርም ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ላለው ሁሉ ክፍት ነው። ከተማዋ በመንገድ ዳር እየተሳበች፣ የፋርጣን የገብስና የድንች ማሳ፣ የግጦሽ መሬቱን፣ ባሕር ዛፉን እየተሻገረች ስትሄድ ሰማይ ላይ መዝጋቢ አላት ማለት ነው።

በአገራችን ሌሊት ተሠርቶ ሲነጋ የሚገኘውን ቤት "የጨረቃ ቤት" እንለዋለን። ሴንቲኔል-2 የሚያልፈው ረፋድ ላይ ነው። ጨረቃ የሸፈነችውን ረፋድ ያወጣዋል።

ጥያቄዬ ቴክኖሎጂው ይሠራል ወይ የሚል አይደለም፤ ይሠራል። ጥያቄዬ ምስሉ ለማን ይመሰክራል የሚል ነው።

አዲስ አበባን እንይ። እዚያ ሰነድ የሌለው ይዞታ ሕጋዊ ለመሆን ከሚጠየቀው አንዱ "በ97ቱ የአየር ካርታ ላይ ይታያል ወይ?" የሚል ነው። በ1997 የተነሳ ፎቶ የስንቱን ቤተሰብ ዕጣ ወሰነ። ፎቶው ሲነሳ ጣሪያ የነበረው ሰው መብቱን ይጠይቅበታል፣ ያልነበረው ይወድቅበታል። ከላይ የተነሳ ምስል በአገራችን ተራ ሥዕል እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማሳያ የለም። ፍርድ ነው።

ለገጣፎን ደግሞ አስታውሱ። የካቲት 2011 ላይ ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪዎቹ ለዓመታት ኖረንበታል፣ ግብር ከፍለናል ይሉ ነበር። እነዚያ ቤቶች በአንድ ሌሊት አልበቀሉም። መሠረታቸው ሲቆፈር፣ ቆርቆሯቸው ሲመታ ከሰማይ ይታይ ነበር። የጠፋው መረጃ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት መናገር የነበረበት አካል ዝም ማለቱ ነው ችግሩ።

ደብረ ታቦርም ሆነች ሌሎቹ የደቡብ ጎንደር ከተሞች በዚህ መንገድ እንዳይሄዱ ነው ስጋቴ።

የከተማ ዳር መሬት ታሪክ ጣሪያ ከመመታቱ በፊት ይጀምራል። ገበሬው ከተማው ወደ እሱ እየመጣ እንደሆነ ያያል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። በአዋጅ 1161/2011 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ ምትክ መሬት ካላገኘ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ስሌቱ የሚነሳው ከእህሉ ነው። ያው መሬት ወደ ከተማ ሲገባ ግን በካሬ ለሊዝ ጨረታ ይወጣል። ገበሬው ይህን ልዩነት ያውቃል። ስለዚህ መንግሥት ሳይቀድመው፣ በብድር ወይም በስጦታ ስም በተጻፈ ውል፣ ለአንድ የቤት ኪራይ ላማረረው የከተማ ሰው ቆርሶ ይሰጣል። ሁለቱም በራሳቸው ዓይን ወንጀለኞች አይደሉም።

ሳተላይቱ የሚያየው የዚህን ሁሉ መጨረሻ፣ ቆርቆሮውን ብቻ ነው። ውሉን አያይም። ማን እንደሸጠ፣ ማን ጉቦ በልቶ ዝም እንዳለ አያይም።

ቆርቆሮውንም ቢሆን ሁልጊዜ አጥርቶ አያይም። የላንድሳት አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት፤ በውስጧ በርካታ ቤቶች ይገባሉ። የሴንቲኔል 10 በ10 ናት። አንድ ጥማድ መሬት፣ የሄክታር ሩብ ያህል፣ በ25 ነጥብ ይሳላል፤ የ200 ካሬ ቦታ ግን ከሁለት ነጥብ አይበልጥም። ክረምቱን ደመና ይጋርደዋል። በበጋ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ባዶ ማሳ ለኮምፒውተሩ ቤት ሊመስለው ይችላል። ባሕር ዛፍ ሥር ያለ ጎጆ ጨርሶ አይታይም። ለዚህ ነው ባለሙያዎች የተለያዩ ዓመታትን ምስል ከአንድ ዓይነት ወር ወስደው የሚያነጻጽሩት፣ ከዚያም መሬት ወርደው የሚያረጋግጡት። በክልላችን ከ2015 ክረምት ወዲህ ባለው ጦርነት ደግሞ መሬት መውረዱ ራሱ ከባድ ሆኗል። ሳይወርዱ፣ ምስል ብቻ ይዞ አፍራሽ ግብረ ኃይል መላክ ትልቅ ግፍ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? ምስሉ ከማፍረሻ መሣሪያነት ወደ ማስጠንቀቂያነት ይቀየር ነው የምለው።

አንደኛ፣ የከተማ አስተዳደሩና ዞኑ በየዓመቱ አንድ ካርታ ያውጡ፤ አምና የት ነበርን፣ ዘንድሮ የት ደረስን የሚል። በከተማው ጠርዝ ባሉት የገበሬ ቀበሌዎች ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የከተማው ፕላን መስመር አብሮ ይሰመርበት። ደላላው ቀድሞ የሚያውቀውን ገበሬው ለምን መጨረሻ ላይ ይስማ?

ሁለተኛ፣ ከዚህ ቀን በኋላ የተሠራ ቤት ዕውቅና አያገኝም የሚባል ከሆነ ቀኑ አስቀድሞ ይነገር። ዓመታት ካለፉ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀን መቁረጥ ሰውን በማያውቀው ሕግ መቅጣት ነው።

ሦስተኛ፣ ቅሬታ ሲሰማ ምስሉ ለሁለቱም ወገን እኩል ማስረጃ ይሁን። "ይህ ማሳ እስከዚህ ዓመት ይታረስ ነበር" ለማለት ገበሬው ከቢሮው እኩል መብት ይኑረው። ካሳው የሚሰላው ከምርቱ ነውና መሬቱ ሲታረስ የሚያሳይ ምስል ለእሱ ገንዘብ ነው።

አራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የጂኦግራፊና የመሬት አስተዳደር ትምህርት ክፍሎች ስለ መሬት አጠቃቀም ለውጥ የሚሠሯቸው የመመረቂያ ጽሑፎች መደርደሪያ ላይ አይቅሩ። ጥናቱ ወደ ተጠናበት ቀበሌ ይመለስ፣ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ።

ይህን ግልጽ ማድረግ ደላላውን ያነቃል፣ ሰውን መስመሩ ጋ ያሯሩጣል የሚሉ አሉ። ደላላው ድሮም ንቁ ነው። መረጃ ሲደበቅ የሚጠቀመው ለደባቂው የሚቀርበው ሰው ነው፤ የሚጎዳው ማንንም የማያውቀው ገበሬና ያለ የሌለ ጥሪቱን አፍስሶ ጎጆ የቀለሰው ሰው ነው።

ከተማ ማደጉ አይቀርም፣ ማደግም አለበት። ሳተላይቱም ነገ ረፋድ ላይ ይመለሳል። ያየውን ለገበሬው በጊዜ መንገር ወይም ዶዘሩ ሲመጣ ማስነበብ ግን የእኛ ምርጫ ነው። የአካባቢያችሁ መስተዳድር እንዲህ ያለ ካርታ አውጥቶ ያውቃል? ካላወጣ በቀጣዩ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ።