ሁሉን ልሸፍን ያለ ቡድን

በፖክሞን ጎ ውጊያ ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቡድንህን አመጣጥን። አንድ እሳት፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ሣር ያዝ፤ የአንዱን ድክመት ሌላው ይሸፍንለታል።» ምክሩ ለጆሮ ይጥማል፣ ለማስታወስም ይቀላል። እኔ ግን ብዙ ተጫዋች ባለበት ደረጃ ተቸንክሮ የሚቀረው ይህን ምክር አምኖ ስለተቀበለ ነው እላለሁ። ሚዛን መፈለግ ስህተት የለበትም። ስህተቱ ሚዛንን በዓይነት ሰንጠረዥ ላይ ብቻ መፈለግ ነው።

ቁጥሩን እንይ። በጌሙ ውስጥ 18 ዓይነቶች አሉ፤ ብዙ ፖክሞኖች ደግሞ ሁለት ዓይነት ደርበው ይይዛሉ። በጎ ባትል ሊግ አንድ ተጫዋች ይዞ የሚገባው ሦስት ፖክሞን ብቻ ነው፤ ተጋጣሚው ምን ይዞ እንደመጣም አስቀድሞ አያይም። በሦስት ፖክሞን የሚመጣበትን ተጋጣሚ ሁሉ መመከት የሚችል ቡድን ደግሞ የለም። ማንኛውም ቡድን ክፍተት አለው። ሁሉን ሸፍኛለሁ ብሎ የሚገባ ተጫዋች ከሌላው የሚለየው ክፍተቱ የት እንዳለ ባለማወቁ ብቻ ነው።

የዓይነት ጉዳይ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ተቀባዩ ደካማ በሆነበት ዓይነት የተሰነዘረ ጥቃት ጉዳቱ በ1.6 ይባዛል፤ ሁለቱም ዓይነቶቹ ደካማ ከሆኑ በ2.56። አጥቂው የገዛ ዓይነቱን ጥቃት ሲጠቀም በላዩ ሌላ 1.2 ይባዛል። ቬኑሶር በሣር ጥቃቱ ውሃና መሬት የሆነውን ስዋምፐርትን ሲመታ ጉዳቱ ከሦስት እጥፍ የሚያልፈው በዚህ ስሌት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ጉዳት የሚወስነው ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ደቂቃ ተገናኘ የሚለው ነው። ሰንጠረዡ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይነግረንም።

የተለመደውን ቡድን እንውሰድ፤ ቻሪዛርድ፣ ስዋምፐርት፣ ቬኑሶር። እሳት፣ ውሃ፣ ሣር፤ ምክሩ እንደሚለው። ቻሪዛርድ ውጊያውን ሲከፍት ከፊቱ የውሃ ዓይነት ያለው አዙማሪል ቆመ እንበል። ተጫዋቹ በውሃ ላይ ሣር ይሻላል ብሎ ቬኑሶርን ያስገባል። ተጋጣሚውም ወዲያው እሳትና በራሪ የሆነውን ታሎንፍሌምን ቀይሮ ያስገባል። አንዴ የቀየረ ተጫዋች የተወሰነ ጊዜ ሳያልፍ ዳግም መቀየር አይችልምና ቬኑሶር በእሳት ፊት ታስሮ ይቀራል፤ ጥቃት የሚመክት ጋሻ ካልወጣለት ያልቃል። ሦስቱም እያንዳንዳቸው አንድ ጠላት ብቻ እንዲመክቱ ስለተመረጡ፣ አንዱ ከቦታው ሲነሳ የሚተካው የለም።

አሁን ሰንጠረዥ አምላኪው የሚስቅበትን ቡድን እንይ፤ ቻሪዛርድ፣ ዊስካሽ፣ ስዋምፐርት። ዊስካሽና ስዋምፐርት ሁለቱም ውሃና መሬት ናቸው፤ ሁለቱንም ሣር ያጠፋቸዋል። ቻሪዛርድ በአዙማሪል ተይዞ ሲከፍት ተጫዋቹ ዊስካሽን ያስገባል። ቬኑሶር ያለው ተጋጣሚ የምስራች አገኘሁ ብሎ ያወጣዋል። ዊስካሽ ግን ብሊዛርድ የሚባል የበረዶ ጥቃት ሊይዝ ይችላል፤ በረዶ ደግሞ ለሣር ጠንቅ ነውና ተጋጣሚው ጋሻ ለማውጣት ይገደዳል። ዊስካሽ ሲወድቅ ተጫዋቹ ቀጣዩን ያለ ገደብ ይመርጣል፤ ቻሪዛርድን ይመልሳል። አሁን የታሰረው ቬኑሶር ነው፤ የመቀየሪያ ሰዓቱ አላለፈለትም፣ የሣር ጥቃቱም ቻሪዛርድን እምብዛም አይጎዳውም። ሣሩ ከተነሳ በኋላ ስዋምፐርት እምብዛም የሚፈራው ጠላት አይኖርም። ይህ ቡድን ድክመቱን አልሸፈነም፤ ሆን ብሎ አሳየው፣ ተጋጣሚውንም ወደ ወጥመዱ ጎተተበት። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች አንድ ከፋችና አንድ ድክመት የሚጋሩ ሁለት ተከታዮች የሚይዙት ለዚሁ ነው።

ሚዛን ያለው በሥራ ክፍፍል ላይ ነው። አንዱ ይከፍታል፤ አንዱ ክፉ አጋጣሚ ሲመጣ ያለ ብዙ ጉዳት ይገባል፤ አንዱ ጋሻ ባለቀበት ሰዓት ይጨርሳል። ለመላው ቡድን የተሰጠው ጋሻ ሁለት ብቻ ነው። ሦስቱም ያለ ጋሻ መቆም የማይችሉ ከሆኑ፣ ዓይነታቸው የቱንም ያህል ቢለያይ ቡድኑ የተመጣጠነ አይደለም።

ከዚህ ስህተት ጋር መንታ የሆነ ሌላም አለ፤ ከደረጃ ሰንጠረዥ አናት ሦስት ስም ቀድቶ መግባት። ፒቪፖክ የተባለው ድረ ገጽ የሚያወጣው ደረጃ በአንድ ለአንድ ግጥሚያ ስሌት ላይ የቆመ ነው። ከፋች፣ ቅያሪና ጨራሽ የሚሆኑትንም ለይቶ ያስቀምጣል፤ ብዙው ሰው ግን አጠቃላዩን ዝርዝር ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ለአንድ ፖክሞን ሁለተኛ ቻርጅድ (ኃይል ተጠራቅሞ የሚለቀቅ) ጥቃት ለመክፈት አብዛኛውን ጊዜ ከ10,000 እስከ 100,000 ስታርደስት የሚባለው የጌሙ ሀብት ይጠየቃል፤ የፖክሞኑ ካንዲም አብሮ ይሄዳል። የጥቃቶች ኃይል ደግሞ ሲዝን ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይከለሳል። ፖክሞኑን ለምን እንደመረጠው የማያውቅ ተጫዋች ዝርዝሩ ሲቀየር ሀብቱም ዕውቀቱም አብረው ይጠፉበታል።

«ሁሉን ሸፍን» የሚለው ምክር ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ለንደን ላይ በተጀመረው የፖክሞን ጎ የዓለም ሻምፒዮና ዓይነት ውድድር ተጫዋቾች ስድስት ፖክሞን ይዘው፣ የተጋጣሚያቸውን ስድስት አይተው ሦስቱን ይመርጣሉ። እዚያ የስድስቱ ስብስብ ሰፊ ቢሆን ይጠቅማል፤ የሚገቡት ሦስቱ ግን የሚመረጡት ከፊት ለታዩት ስድስት ብቻ ነው። ተጫዋቾች ተባብረው አንድ ኃይለኛ ፖክሞን በሚጥሉበት ሬይድ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። ድራጎንና በራሪ የሆነውን ሬኳዛን ለመጣል ከእሳት፣ ከውሃና ከሣር የተውጣጣ ስብጥር ከመያዝ ስድስት ጠንካራ በረዶ መደርደር በብዙ ይበልጣል። አንዱን ምክር ለሁሉም ቦታ የሚሰጥ ሰው ጌሙን አላየውም።

ስለዚህ ለጀማሪ ወንድምና እህቶቻችን «አመጣጥን» ብለን ብቻ አንሸኛቸው። ስታርደስታቸውን ከማፍሰሳቸው በፊት ሦስት ጥያቄ እንዲመልሱ እናስተምራቸው፤ ከፋቼ ሲያዝበት ማን ይገባል? ጋሻዬን ለማን አወጣለሁ? የትኛውን ጠላት ቀድሜ ከሜዳ ካስወጣሁ ጨራሼ ነፃ ይሆናል? እነዚህን መመለስ የቻለ ተጫዋች ዓይነታቸው አንድ የሆነ ሁለት ፖክሞን ቢይዝም ቡድኑ የተመጣጠነ ነው። መመለስ ያልቻለ ግን ሦስት ፖክሞን እንጂ ቡድን የለውም።