ለጊዜው የተባለ ጥገና

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫና በሺንሺቾ ያላችሁ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ስለ መሬት ወሰን ወይም ስለ ደም እርቅ ስናገር ጆሮ እንደማትነፍጉኝ አውቃለሁ። ዛሬ የምናገረው ግን ከመቀመጫችን ሥር ስላለ ብረት ነው። ሽማግሌ የሚመክርበት ጉዳይ አይመስልም። ለእኔም አይመስለኝም ነበር፤ ባለፈው የመሳላ (የመስቀል በዓላችን) ዋዜማ የሆነው እስኪሆን ድረስ።

መኪናዬን ታውቋታላችሁ። በፈረንጆቹ 2000 የተሠራች ላንድክሩዘር ቪኤክስ፣ ነጭ። የገዛልኝ ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጄ ነው። የብዙዎቻችሁም ልጆች እዚያው ስለሆኑ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከጆሃንስበርግ ጄፒ ሰፈር ዕቃ አምጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ስፓዛ በሚሉት የሰፈር ሱቅ መስኮት ኋላ ቆሞ ውሎ፣ ማታ በሩን ከውስጥ ቆልፎ የሚያድር ልጅ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ስትታመም ለልጁ መንገር ይከብዳል። «አባባ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?» ሲለኝ «ደህና ናት ልጄ» እለዋለሁ። እናንተም እንደዚያው ትላላችሁ። ጥፋቱ የተጀመረው ከዚህች መልስ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ማርሹን ከ«አር» ወደ «ዲ» ስመልሰው ከወለሉ ሥር «ኳ!» ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰው በሩን የዘጋ ይመስላል። ወር ሁለት ወር እንዲህ ቆየ። ከዚያ በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስወጣ፣ ፍጥነቱ 80 ሲደርስ ወለሉ እግሬን ይነዝረኝ ጀመር፤ ፍጥነት ስቀንስ ይተዋል። የጎማ ሚዛን ነው ብዬ አስመዘንኩ። አልተወኝም። በመጨረሻ መካኒክ ከሥር ገብቶ ኃይል ወደ ፊት ጎማዎች የሚያደርሰውን ዘንግ፣ የፊቱን ካርዳን፣ በእጁ ሲነቀንቀው ክሮቼራው እንደ ላላ ጥርስ ተወዛወዘ።

ክሮቼራ ማለት በመስቀል ቅርጽ የተሠራች፣ በመዳፍ የምትያዝ ብረት ናት። በአራቱም ጫፎቿ ላይ እንደ መርፌ የቀጠኑ ጥቃቅን ኩሽኔታዎች አሉ። ካርዳኑ እየተጣጠፈ እንዲሽከረከር የምታስችለው እሷ ናት። ግሪስ ትፈልጋለች፣ ሌላ ምንም አትፈልግም። እኛ መኪናውን በላቫጆ እንደ መስታወት እናስወለውለዋለን፤ ከሥር ግሪስ አስነፋለሁ የሚል ግን ከመካከላችን ስንት ነው? የእኔዋ ስትፈታ ኩሽኔታዎቹ የሉም። በቦታቸው ቀይ የዝገት ዱቄት ነበር።

እዚህ ላይ ነው «ለጊዜው» የምትባለው ቃል የመጣችው። ዕቃው አልተገኘም፣ የተገኘውም ዋጋው አስደነገጠኝ። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ውድ አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አሮጌዋን መኪና መጣል አይቻልም፣ መተካትም አይቻልም፣ መለዋወጫዋም በዶላር ነው የሚመጣው። መካኒኩም አየኝና፣ «አባቴ፣ ለጊዜው የፊቱን ካርዳን ፈትተን እናስቀምጠው። መሐሉን ሎክ አድርገው ይንዱ» አለኝ። ደስ አለኝ። ልጄን ሳላስቸግር ቤቴ ገባሁ።

እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። እንደ እኔዋ ያለችው መኪና ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የምትሄደው። ከካምቢዮ የወጣው ኃይል መሐል ላይ ባለ ዲፈረንሻል በኩል ለፊትና ለኋላ ይከፈላል። የፊቱ ካርዳን ከተፈታ ኃይሉ ወደ ባዶው ወገን ይሄዳል፤ መኪናዋ ትጮኻለች እንጂ አትንቀሳቀስም። መሐሉን ሎክ ስታደርጉት ፊትና ኋላ አንድ ላይ ስለሚታሰሩ በኋላ ጎማ ብቻ ትሄዳለች። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። መካኒኩ ያልነገረኝ፣ እኔም ያልጠየቅሁት ሌላ ነገር ነበር። «ፒ» የሚይዘው ጎማውን አይደለም። ካምቢዮውን ነው። መሐሉ ሎክ ካልሆነና አንዱ ካርዳን ከሌለ፣ ማርሹ «ፒ» ላይ እያለ መኪናዋ እንደ ጋሪ ነጻ ናት።

የመሳላ ዋዜማ ከአምበሪቾ ተራራ ሥር ወዳለው ዘመዴ ግቢ ሄድን። እኔ፣ የወንድሜ ልጅና አምስት ሕፃናት። የነዳው የወንድሜ ልጅ ነው። ግቢው ዳገት ላይ ነው፤ የዚያን አገር ግቢ ታውቁታላችሁ፣ ከበላይ ቤት፣ ከበታች እንሰት። ልጁ ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የበራችውን መብራት አይቶ «ይሄ ምን በርቶ ቀረ?» ብሎ ቁልፉን ተጫነው። ሎኩን መፍታቱ ነበር። ማርሹን «ፒ» ላይ አደረገና ወረደ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከላላ ቆይቷል፤ «ፒ ይበቃል» እያልኩ እኔው የተውኩት ነው። የሎኩ ጥርሶች በክብደቱ ተወጥረው ስለነበር ወዲያው አልለቀቁም። መካኒኩ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ሕፃናቱ በር እየከፈቱ ሲዘሉ መኪናዋ ተወዛወዘች፣ ያን ጊዜ ለቀቁ። የመጨረሻዋ ልጅ ከወረደች በኋላ አሥር እርምጃ እንኳ አልሄደችም ነበር። ሁለት ቶን ከግማሽ የሚያህል ብረት ያለ ድምፅ ወደ ኋላ ሄደ። አጥሩን ጣለ፣ አንድ ረድፍ እንሰት ጨፈለቀ፣ ለበዓሉ የታሰረውን ወይፈን ገደለና ቆመ።

«እንኳን ሰው አልነካ» አሉኝ ሁሉም። እኔ ግን ያቺን ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባየኋት ቁጥር እግሯን እመለከታለሁ።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላሉ አባቶቻችን። በመኪና ግን አረሙ ቀስ ብሎ አይበቅልም። አንድ እኩያችን፣ ስሙን አልጠራም፣ ዲፈረንሻሉ ዘይት አልቆበት ተበላ። የዘይት ማገጃው ፓራዮሊ ሲያንጠባጥብ ስንት ጊዜ ግቢው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አይቷል! መርካቶ ሶማሌ ተራ ሰው ልኮ ያገለገለ የኋላ ዲፈረንሻል አስመጣ። ልክ ገባ፣ ብሎኑ ገጠመ፣ ተመሰገነ። በሁለተኛው ወር የመሐሉን ዲፈረንሻል የያዘው ትራንስፈር ጋለ፣ ጮኸ፣ ተሰበረ። የፊቱ ዲፈረንሻል ትልቁ ማርሽ፣ ኮሮናው፣ 41 ጥርስ፣ ትንሹ፣ ፒኞኑ፣ 10 ነበረ፤ የመጣው ደግሞ 43 በ10። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር የፊቱ ካርዳን 4.1 ጊዜ፣ የኋላው 4.3 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። መሐል ያለው ምስኪን ዲፈረንሻል ይህን ልዩነት ሌት ተቀን ሲያስታርቅ ኖረ። እኛ በሴራችን፣ በባህላዊ ሸንጎአችን፣ የተጣሉትን ስናስታርቅ ቢያንስ ለምሳ እንነሣለን። ዲፈረንሻል ስትገዙ ጥርሱን አስቆጥሩ፤ የመኪናዋም የፋብሪካ መለያ ሰሌዳ ላይ የአክስሉ ቁጥር ተጽፏል፣ ያንን ይዛችሁ ሂዱ። ኮሮናና ፒኞን ደግሞ ተጋብተው የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ መኪና፣ ሌላውን ከሌላ አምጥቶ ማጋባት አይሆንም። ጎማም እንደዚሁ ነው። ሦስት ያለቀ ጎማ ላይ አንድ አዲስ መግጠም ቁጠባ አይደለም።

ከሆሳዕና ወደ ሆመቾ፣ ከዱራሜ ወደ ሐላባ ቁሊቶ የምትወርዱ በክረምት ጅረት ትሻገራላችሁ። የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል። ከክረምቱ በኋላ ዘይቱን አስፈትሹ። እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል። ማፍሰሻው ብሎን ላይ ያለው ማግኔት የብረት ስንጥር ከያዘ ደግሞ ጥርሱ እየተበላ ነው። ሞተሩ ደህና ስለሆነ መኪናዋ ደህና ናት አትበሉ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ስትሄዱ «ቀጭ፣ ቀጭ» ካለ የፊቱ ሲቪ ጆይንት ነው። የላስቲክ ሽፋኑ ሲቀደድ አይታችሁት ቢሆን ኖሮ ሽፋኑንና ግሪሱን ብቻ በቀየራችሁ ነበር።

ካርዳን ሲፈታ አጠገቡ ቁሙ። ከመፈታቱ በፊት መካኒኩ በቀለም ምልክት ያድርግበት፤ ሁለቱ ሹካዎች በነበሩበት አኳኋን ካልተመለሱ አዲስ ክሮቼራ ገብቶም መኪናዋ ትነዝራለች። የተጣመመ ካርዳን በብየዳ አቅንተን እንመልስልህ የሚላችሁን፣ ሚዛኑን በምን እንደሚለካ ጠይቁት። ካርዳን ከኋላ ጫፉ ቢበጠስ አስፋልት ላይ ይጎተታል። ከፊት ጫፉ ቢወድቅና መሬት ቢወጋ ግን መኪናዋን ሊያነሣት ይችላል።

የድሮ ላንድሮቨር ያላችሁ ደግሞ ከእኔ የባሰ ጉዳይ አለባችሁ። የእናንተ የእጅ ፍሬን ጎማውን አይይዝም፣ የኋላውን ካርዳን ነው የሚይዘው። ያ ካርዳን ተፈትቶ ወይም አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ተነሥቶ እያለ የእጅ ፍሬን ስበን አቁመናታል ብላችሁ ከሥሯ አትግቡ፤ ልጅም አታስገቡ። ታኮ ያዙ። ድንጋይ አይደለም፣ ታኮ። ከግንድ የተጠረበ፣ ሁለት፣ ከወንበሩ ሥር የሚቀመጥ።

አሁን ለልጄ ነግሬዋለሁ። በስልክ ዝም አለ፤ ቀጥሎ የተናገረው ስለ ገንዘብ አልነበረም። «አባባ፣ ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ክሮቼራው ታዝዟል፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድም አብሮ። እስኪመጣ መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ ባትሪዋ ተነቅሎ፣ በአራቱም ጎማዎቿ ታኮ ተደርጎላት ቆማለች፤ ሰርግ አለብኝ ብሎ የሚለምነኝንም መልሼዋለሁ። ቅዳሜ ለእርቅ ወደ አንጋጫ የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ቦታ ያዙልኝ። ግን ከመሳፈሬ በፊት ከመኪናችሁ ሥር ጎንበስ ብዬ ባይ አትቀየሙኝ።