የኢንተርኔት ጨዋታ ተጫዋቾቹን ለምን ያጣል?

የኢንተርኔት ጨዋታ ተጫዋቾቹን የሚያጣው ስለሚሰለቻቸው ብቻ ነው የሚለውን የተለመደ አስተያየት አንቀበለውም። የኑክሌር ነዳጅ ከተወሰነ መጠን ሲያንስ ሰንሰለታዊው የአተም ክፍፍል ራሱን ማስቀጠል እንደሚሳነው ሁሉ፣ ጨዋታም የተጫዋቹ ቁጥር ከአንድ ልክ በታች ሲወርድ በራሱ መቆም ያቅተዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 100 ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው 4,950 ጥንዶች ይሆናሉ፤ ግማሾቹ ቢሄዱ ግን የቀሩት 50 ሰዎች 1,225 ጥንዶች ብቻ ይሆናሉ። ሰው በግማሽ ሲቀንስ የመገጣጠም ዕድል ወደ ሩብ ይወርዳል። ተጋጣሚ መጠበቅ ያታከተው ይሄዳል፤ የእርሱ መሄድም የሌላውን ጥበቃ ያራዝማል።

ያገገሙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ብዙ የተነቀፈው ፋይናል ፋንታሲ 14፣ በ2012 አሮጌው ዓለሙ ተዘግቶ በ2013 እንደ አዲስ ተሠርቶ ተመለሰ። በዚያው በ2013 የሩንስኬፕ ባለቤቶች፣ ተጫዋቾቻቸውን ድምፅ አሰጥተው የ2007ቱን ጨዋታ ዳግም ከፈቱ። አንደኛው ጉድለቱን ከሥሩ ነቀለ፤ ሁለተኛው የተጫዋቹን ቃል ሰማ።

የቢቸናና የሞጣ ወጣት ግን ከጨዋታ የሚለየው በሌላም ምክንያት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰርቨሩ በ5,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ ምንም ሌላ መዘግየት ባይኖር እንኳ መልእክት ደርሶ ለመመለስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከዚህም በላይ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ የተለየው ተጫዋች ጨዋታውን ጠልቶ ሳይሆን በሩ ተዘግቶበት ነው። ያጣውም መዝናኛን ብቻ ሳይሆን ጓደኞቹን ጭምር ነው።

መፍትሔው መጠበቅ ብቻ ነውን? አይደለም እንላለን። ገበጣ እስከ ዛሬ የኖረው ሁለት ሰው ስለሚበቃው ነው። ኮምፒዩተር ያላቸው የሁለቱ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ማሽኖቻቸውን በገመድ ቢያገናኙ፣ ተማሪዎች ራሳቸው ፕሮግራሙን የጻፉትን ገበጣ ያለ ኢንተርኔት ሊጫወቱ ይችላሉ። በ100 ሜትር ገመድ ላይ ምልክት የሚደርሰው ከአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። መስመሩ ሲገኝ ደግሞ ቢቸና ሞጣን ይግጠም።

ጨዋታ ትምህርትን ያስተጓጉላል የሚሉ ወላጆች ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ሆኖም የጨዋታን ሕግ ወደ ፕሮግራም የሚለውጥ ተማሪ ሒሳብና አመክንዮ እየተማረ ነው። ተጫዋች ብቻ የሆነ ወጣት በር እስኪከፈትለት ይጠብቃል፤ ጨዋታ መሥራት የቻለ ግን ለሌሎችም በር ይከፍታል።