አደባባይ የተሰጣው ፎልደር

ባለፈው ሳምንት ቦሌ አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ማኪያቶ ያዘዘ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ነገር ስፈልግ «ኔትወርክ» የሚለውን ብነካ የማላውቀው ኮምፒውተር ስም ብቅ አለ። ነካሁት። የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም። «ደመወዝ»፣ «ኮንትራት»፣ «የተረጂዎች መታወቂያ» የሚሉ ፎልደሮች ተደርድረዋል።

ፋይሎቹን አልከፈትኩም። ከኔ ሁለት ጠረጴዛ አለፍ ብሎ አንድ ወጣት ሪፖርት እየጻፈ ነበር። ጠጋ ብዬ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። «ቢሮ ኢንተርኔት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው፤ ይሄ ዛሬ ካልገባ ጉዴ ነው» አለኝ። ፎልደሩን እንዲያ የከፈተው ግን እሱ አይደለም። ሠራተኛው በየቀኑ የይለፍ ቃል መጻፍ ሰለቸን ስላለ የመሥሪያ ቤቱ አይቲ ነው ለሁሉም ክፍት ያደረገው።

«ልጁ አይጠነቀቅም ነበር?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የኛ አገር መሥሪያ ቤት ደግሞ ይህችን መልስ ይወዳታል። ጥፋቱን ታች ያለው ላይ ጥሎ ይገላገላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ላይ ስትገቡ «ፐብሊክ» ወይም «ፕራይቬት» ብሎ ይለያል። ፐብሊክ ከሆነ ኮምፒውተሩ ለሌሎች አይታይም፤ ፎልደር ማጋራቱም ይዘጋል። ፕራይቬት ከሆነ አብረውት ኔትወርኩ ላይ ያሉትን ሁሉ እንደ ቤተሰብ ይቆጥራል። አንድ ቀን ቸኩላችሁ ካፌውን «ፕራይቬት» ካላችሁት በተመለሳችሁ ቁጥር ያስታውሰዋል። በዚያ ላይ የፎልደሩ ፈቃድ «ኤቭሪዋን» ከተባለና የይለፍ ቃል መጠየቁ ከጠፋ፣ ካፌውም ደንበኞቹን እርስ በርስ ካልለያየ፣ ሌባ አያስፈልግም። እንደኔ ያለ ሥራ ፈት ይበቃል።

«እኛን ማን ይፈልገናል?» የሚባለው ነገር በጣም ያናድደኛል። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ሲዛመት ማንንም በስም አልፈለገም። ዊንዶውስ ፋይል በሚያጋራበት መንገድ ላይ የነበረችን ቀዳዳ ተጠቅሞ ካገኘው ኮምፒውተር ወደ ቀጣዩ ተሻገረ እንጂ። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፤ ብዙዎች ግን አልጫኑትም። በእንግሊዝ ብቻ ከ19,000 በላይ የሕክምና ቀጠሮዎች ሳይሰረዙ እንዳልቀሩ ተገምቷል።

ሌላው መድኃኒታችን ቪፒኤን ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራምና ፌስቡክ ተገድበው በነበረ ጊዜ ያገኘነውን ነፃ ቪፒኤን ሁሉ ጫንን። ባለቤቱ ማን ነው ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው? ደህና ቪፒኤን እንኳ ቢሆን ወደ ውጭ የምትልኩትን ይሸፍናል እንጂ እዚያው ካፌ ውስጥ የተከፈተውን ፎልደር ዘጋ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ የሚሰበስብ አካል መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ግዴታው የተጣለው በተቋሙ ላይ ነው እንጂ ካፌ ለካፌ በሚንከራተተው ተቀጣሪ ላይ አይደለም። የሚገርመው፣ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ያለፈቃድ የሰው ኮምፒውተር መግባት ወንጀል ስለሆነ ያን ፎልደር የነካሁት እኔ ከመሥሪያ ቤቱ ቀድሜ ልጠየቅ እችላለሁ።

መታወቂያቸው እዚያ የነበረው ተረጂዎች ዘይትና ዱቄት ለማግኘት ሲሉ ፎቶ ኮፒ ሰጥተዋል። የት እንደሚቀመጥ የነገራቸው ያለ አይመስለኝም። እምቢ ማለትም አይችሉም፤ እምቢ ያለ አይመዘገብም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለአለቆቹ ነው። ሠራተኛው ከውጭ እንዲሠራ ካደረጋችሁ የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን ስጡት። ቢያንስ የኢንተርኔት ጥቅል ሙሉለት፤ የራሱ ስልክ ሆትስፖት ከካፌው ዋይፋይ ይሻላል። የተረጂ መታወቂያ በላፕቶፕ ከቢሮ ለምን እንደሚወጣም አስረዱን።

ልጁ ኔትወርኩን ወደ ፐብሊክ ቀይሮ ማጋራቱን ለመዝጋት ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሪፖርቱን በስልኩ ዳታ ላከው። ካርዱን የሞላው ከኪሱ ነው።