«ምን አለሽ?» የሚል እንጂ «ምን ነበረበት?» የማይል ገበያ

የመርካቶው ምናለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። በየሰፈሩ ጆንያ አንግቶ የሚዞረው ቆራሌውም መጠሪያውን ያገኘው «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚል ጥሪ እንደሆነ ይነገራል። ልዋጭ ነጋዴው ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። ሦስቱም ከቤት የሚወጣውን ዕቃ አገላብጠው ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ። ያው ዕቃ ዞሮ ሌላ ቤት ሲገባ ግን ጠያቂ የለውም። የጀሪካኑ ዋጋ ይጠየቃል፣ ክዳኑ ይሞከራል፣ ማፍሰስ አለማፍሰሱ ይታያል። ከዚህ በፊት ምን እንደነበረበት የሚጠይቅ ገዥ ጥቂት ነው፤ ቢጠይቅም መልሱ «የዘይት ነው» የሚል ነው። የኬሚካል ጀሪካን የሚሸጥ ሰው የለም። ሁሉም የዘይት ነው።

«ከቆሻሻ ወደ ሀብት» የሚለው መፈክር ይህን ክፍተት ይሸፍናል። በየባዛሩና በየቴሌቪዥኑ አበባ የተተከለበት ጎማ፣ ወንበር የሆነ በርሜል፣ ከጠርሙስ ክዳን የተሠራ መጋረጃ ይታያል፤ ይጨበጨባል። ይጨብጨብ፤ በክዳን መጋረጃ የተመረዘ ሰው የለም። ነገር ግን በአብዛኛው ቤት ተደጋግሞ የሚያገለግለው አሮጌ ዕቃ ጌጥ አይደለም፤ የሚበላና የሚጠጣ የሚቀመጥበት ነው። ስለ እሱ ከመድረኩ አንድ ቃል አይሰማም።

ጥገናንና መልሶ መጠቀምን የድህነት ነውር አድርገው የሚያዩትም ቢሆኑ የተሻለ ነገር አላመጡም። ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ ስንቱን ገበሬና ስንቱን ወታደር ተራራ አስወጥቷል። የዱቄት ወተት ጣሳ ጉሊት ላይ እህል መለኪያ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። ታች የተበሳ ጀሪካን ውሃ በሌለበት ግቢ የእጅ መታጠቢያ ይሆናል። ይህ ዕውቀት ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ዕውቀት ከሆነ ግን እንደ ማንኛውም ዕውቀት ሕግ አለው፤ የመጀመሪያው ሕጉም የዕቃውን ታሪክ ማወቅ ነው።

ቋንቋው ይህን ታሪክ አልረሳም። ጤፍ የሚጫንበት የፕላስቲክ ከረጢት «ማዳበሪያ» ይባላል። «ሁለት ማዳበሪያ ጤፍ» ሲባል ማንም አይደነግጥም። ከረጢቱ መጀመሪያ ይዞት የመጣው የአፈር ማዳበሪያ ስለነበር ስሙ እዚያው ቀረ። ዛሬ አዲስ ሆኖ ለእህል የሚሸጠውም በዚያው ስም ይጠራል፤ በዚህም ምክንያት ገበሬው ማሳ ላይ ካራገፈው ከረጢት ጋር በስም አይለይም። ቃሉ ምን እንደነበረበት ይናገራል፤ ሰሚው ግን መስማት ትቷል።

የውሃው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ማጠራቀሚያ የሌለው ቤት ቤት አይደለም። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይገዛል፣ አቅም ያለው በርሜል ያቆማል። የሚገዛው ሰው ምርጫው ጠባብ ስለሆነ በርካሹ ላይ ይወድቃል። ርካሹ ለምን ረከሰ? እዚህ ላይ «ታጥቦ ይጸዳል» የሚል መጽናኛ አለ፤ ለዘይት እውነት ነው፣ ለብዙ ኬሚካል ግን ውሸት ነው። ፀረ ተባይና የነዳጅ ዘር የሆኑ ፈሳሾች የፕላስቲኩ ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋሉ። በኦሞና በፍል ውሃ የታጠበው ገጽታው ነው። የሰረገው ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ ሽታው ቢጠፋም እንኳ። የፀረ ተባይ ዕቃ ሲያልቅ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተገልብጦ፣ ከዚያ ዕቃው ተበስቶ ከጥቅም ውጭ ይሁን የሚለው ዓለም አቀፍ መመሪያ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ልቅለቃው ዕቃውን ለመጠጥ አያበቃውም። መብሳቱ ነው ቁም ነገሩ።

ከሁሉም ቅርብ የሆነው አደጋ ግን ትንሹ ዕቃ ላይ ነው፤ «ሃይላንድ» ላይ። በአንድ የውሃ ምርት ስም የተነሳ ዛሬ ማንኛውም የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሃይላንድ ነው። ያው ጠርሙስ ውሃው ሲያልቅ የበረኪና መሸጫ ይሆናል። በየመንደሩ ሱቅ በረኪና በሃይላንድ ተሞልቶ፣ ምልክት ሳይለጠፍበት ይሸጣል። ቀለሙ ከውሃ ብዙም አይለይም። ፋብሪካ ያመረተው የቤት በረኪና አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ጥንካሬ አለው፤ በየጓሮው የሚቀዳው ስንት እንደሆነ ቀጂውም አያውቅም። ላምባም እንዲሁ በለስላሳ ጠርሙስ ይቀመጣል። የሦስት ዓመት ልጅ ማንበብ አይችልም፤ የጠርሙሱን ቅርጽ ግን ያውቃል። እናቱ ትናንት ውሃ ያጠጣችው በዚያ ጠርሙስ ነው። ልጁ አልተሳሳተም፤ ዕቃው ዋሽቶታል።

ልጁ ከጠጣ በኋላ የሚደረገውም ሌላ ጥፋት ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ «አስታውኩት» ይላል። በረኪና ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል። ላምባ ሲያስታውኩት ወደ ሳንባ ይገባል፤ ገዳዩም እሱ ነው። ማስታወክ ሳይሆን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ፣ ጠርሙሱንም ይዞ መሄድ ነው። ይህን በየሳምንቱ ለሚጨበጨብለት የፈጠራ ፕሮግራም አንድ ደቂቃ ጨምሮ መናገር ስንት ያስወጣል?

ኤሌክትሪኩም ያው ነው፤ የነበረውን ሳያውቁ መተካት። ፊውዝ ተቃጠለ፣ አዲስ መግዛት ታከተ፣ ከአሮጌ ገመድ የመዳብ ሽቦ ተመዝዞ ተጠመጠመ፤ መብራት መጣ፣ ጠጋኙ ተመሰገነ። 3,500 ዋት የሚስበው የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ይወስዳል። ፊውዙ የተቃጠለው ይህን አልችልም ብሎ ነበር። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ነው፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው የገመድ ልባስ ደግሞ በተለምዶ ከ70 ዲግሪ በላይ እንዲሠራ አልተሠራም። ስለዚህ የሚቀጥለው ፊውዝ ግድግዳው ነው።

«ድሃ ምርጫ የለውም» የሚል መልስ ሁሌም ይመጣል። እውነት አለው፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ምርጫ ያላቸው ናቸው። አሮጌ ጀሪካን ይከልከል የሚል ሰው ካለ ጅል ነው፤ ቆራሌውን ከእንጀራው፣ ባለቤቷን ከውሃዋ ይለያል። ጥያቄው ሌላ ነው። መረጃው የሚጠፋው የት ነው? ድሃው ቤት አይደለም የጠፋው። እርሻው፣ ፋብሪካውና መሥሪያ ቤቱ ባዶ በርሜልና ጀሪካን ከቁርጥራጭ ብረትና ከአሮጌ ጎማ ጋር ደርድሮ በጨረታ ሲሸጥ ነው የጠፋው። በዚያ ሰዓት ምን እንደነበረበት የሚያውቅ መጋዘን ጠባቂ አለ፣ የሚያሳይ ሰነድ አለ፣ ዕቃው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ። ጨረታው ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል፤ ሻጩ ገንዘቡን ይቆጥራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰንሰለት በሙሉ «የዘይት ነው» እያለ ይቀጥላል። ጥፋተኛ ሲፈለግ ግን ሁሌም የሚገኘው ጀሪካኑን በራሷ የገዛችው ሴት ናት፤ «ጥንቃቄ የጎደላት» ትባላለች።

ፀረ ተባይ፣ አሲድ ወይም ማሟሟያ የያዘ ዕቃ ከግቢ ሳይወጣ መበሳት አለበት፤ ሳይበሳ የሸጠ ተቋም ደግሞ እንደ ሸጠው መርዝ ሊጠየቅ ይገባል። በጨረታው ሰነድ ላይ ከብዛቱና ከመነሻ ዋጋው ጎን «የነበረበት» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። በረኪና ቀጂዎችን ማሳደድ አያስፈልግም፤ በውሃ ጠርሙስ አትሽጡ፣ ቀለሙ የማያሳይ ዕቃ ተጠቀሙ፣ ቀይ ምልክት ለጥፉ ማለት ይበቃል። በርሜል ለመብሳት የሚያስፈልገው አንድ መዶሻና አንድ ወፍራም ሚስማር ነው፤ ሁለቱም ምናለሽ ተራ ይገኛሉ፣ ያገለገሉ።