እንጦጦን አታጥሩብን፣ አታስፋልቱብንም

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን ዳገት ብስክሌቴን እየገፋሁ ስወጣ (አዎ፣ እየገፋሁ! ዳገቱን የሚያውቅ አይፈርድብኝም) አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው እጥፍ ብሎ ሲወርዱ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። መንገዱ ለሁለት አይበቃም። ዳር ይዤ ቆምኩላቸው። እሳቸውም ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም አሉና ብስክሌቴን ከላይ እስከ ታች አዩት።

‹‹ልጄ፣ ይሄ ነገር ዕቃ ይጭናል?››

‹‹አይ እማማ፣ እኔን ብቻ ነው የሚጭነው።››

‹‹እኔ የማየው ግን አንቺ ስትገፊው ነው!››

ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው ወረዱ፣ እኔ ወጣሁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀብኝ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ፤ ይህ መንገድ የማን ነው?

ነገሩን ከብስክሌቱ ልጀምር። በውጭው ዓለም ‹‹ግራቭል›› የሚባል የብስክሌት ዓይነት ከመጣ ቆይቷል። መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የተቆለመመ ነው፤ ጎማው ግን ወፈር ይላል፣ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ። ነፋሱ ቀነስ ተደርጎ ስለሚሞላ ጠጠሩን እየዋጠ ይሄዳል። አስፋልትም ይነዳበታል፣ አፈርም ይነዳበታል። ፈረንጆቹ ለዚህ የሚሆን መንገድ ፍለጋ አገር ያቋርጣሉ። እኛ ግን በራችን ላይ ነው፤ ስሙንም ፒስታ ወይም ኮረኮንች ብለነው ስንረግመው እንኖራለን።

ከየካ ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ቀና በሉ። ከእንግሊዝ ኤምባሲ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ከላይ ያለው የእንጦጦ ጀርባ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። አትሌቶቻችን ጎህ ሳይቀድ ወደዚያ የሚወጡት ለዚህ ነው። በሰሜን በኩል የወረደ ዝናብ ወደ ዓባይ፣ በደቡብ በኩል የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መሐል የእግር መንገዶች እንደ ደም ስር ተዘርግተዋል። ዳገቱን ቀጥ ብለው የሚወጡት ክረምት ላይ ጎርፍ ስለሚቦረቡራቸው ለጎማ አይመቹም። ኮረብታውን ወገቡን ይዘው የሚዞሩት ግን ውሃ ስለማይከተላቸው ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃሉ።

እነዚህን መንገዶች ማን ሠራቸው? መንገዶች ባለሥልጣን አይደለም። ብስክሌት ነጂ ነኝ ባይም አይደለም። እንጨት ተሸካሚ እናቶች፣ አህያ ነጂዎች፣ ፀበልተኞችና ሯጮች በእግራቸው ነው የሠሩት።

ታሪኩን የማታውቁት ካላችሁ ላስታውሳችሁ። ምኒልክና ጣይቱ መጀመሪያ የከተሙት እንጦጦ ላይ ነበር። ከተማው ወደ ፍል ውሃ ወርዶ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተባለ በኋላ በዙሪያው የነበረው የአገር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀ። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ እንዲመጣ የተደረገው ይህንን ጉድለት ለመሙላት ነው። ልብ አድርጉ፤ ዛሬ ‹‹ንጹሕ አየር›› ብለን ፎቶ የምንነሳበት ጫካ የተተከለው ለማገዶ ነው! ማገዶ ለቃሚዋ እናት ግን በዚሁ ጫካ ውስጥ ለዓመታት ከጥበቃ ጋር አባሮሽ ስትጫወት ኖረች። የተተከለላት ሰው እንደ ሌባ ታየች።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ።

እንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። አልክድም፣ ሰው ልጆቹን ይዞ የሚወጣበት ቦታ አገኘ። ከመዝናኛዎቹ አንዱ ብስክሌት መሆኑም ደግ ነው። ቅሬታዬ ከጎ ካርትና ከዚፕላይን ጋር በአንድ መስመር መሰለፉ ላይ ነው። ብስክሌት ዞሮ ዞሮ በተነሳበት በር የሚመለስ መጫወቻ ሆነ። ብስክሌት እኮ ሰውን ከቤቱ አውጥቶ ወደ ሥራው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ሲያሻውም ወደ ጫካው የሚያደርስ ዕቃ ነው።

ከታች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. ‹‹መንገድ ለሰው›› ተባለና መኪና ለጥቂት ሰዓታት ገለል አለልን። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠራ፤ ከአራት ኪሎ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል መገናኛ የሚያደርሰው መንገድም ከመጀመሪያዎቹ ኮሪደሮች አንዱ ነው። በጣም ጥሩ! ግን ያ መስመር ኮረብታውን ግርጌውን ታክኮ ሲያልፍ ‹‹ዋሻ ሚካኤል በዚህ በኩል›› የሚል አንዲት ታፔላ እንኳ አላየሁም። ከታች ያለው መስመርና ከላይ ያለው ዱካ ተኮራርፈው ይኖራሉ።

‹‹እንግዲያው ዱካው አስፋልት ይሁንልሽ›› የሚሉኝ አሉ። አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም! ዳገት ላይ አስፋልት ሲወጣ መኪና ይከተላል፤ መኪና ሲከተል ሯጩም፣ አህያዋም፣ እናቲቱም ዳር ይገፋሉ። ጣሊያኖች ይህንን ዘግይተውም ቢሆን ገብቷቸዋል። ቶስካና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 ‹‹ኤሮይካ›› የተባለ የብስክሌት ጉዞ የጀመሩት ነጫጮቹ የጠጠር መንገዶቻቸው በአስፋልት ተውጠው እንዳይጠፉ ነው። ከዚያ ተነስቶ በ2007 የተጀመረው ‹‹ስትራዴ ቢያንኬ›› ዛሬ ከዓለም ታላላቅ ውድድሮች አንዱ ነው። ኬንያዎችም በ2021 በማሳይ ማራ አካባቢ የግራቭል ውድድር ጀምረዋል። እኛ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ብስክሌተኞች ያሰለፍን፣ ጽጋቡ ግርማይን በ2008 ዓ.ም. ለቱር ደ ፍራንስ ያበቃን ሕዝብ ነን፤ ዱካችንን ግን እንደ ድህነት ምልክት እናፍርበታለን።

ዱላው ለመንግሥት ብቻ አይደለም። ወደ እኛ ወደ ነጂዎቹ ልመለስ።

ወዳጆቼ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳትይዙ፣ ጆሯችሁ ላይ ሙዚቃ ሰክታችሁ፣ ሸክም የያዘች ሴት አጠገብ ሽው ብላችሁ ስታልፉ አይቻለሁ። አንዴ እኔም አድርጌዋለሁ፤ የደነገጡት ሴት ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ሲንገዳገዱ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ራሱን የሚያክል ሸክም ያዘለ ሰው ዘወር ማለት አይችልም። እኛ እንችላለን። ደግሞ ሳትጠይቁ ፎቶ የምታነሱም አላችሁ። ጋዜጠኝነት የተማርኩ ነኝና ፈተናው ይገባኛል፤ የሰው ወገብ ሲሰበር ግን ጌጥ አይደለም።

‹‹እዚያ ላይ እኮ ይዘረፋል፣ ጅብም አለ›› ትሉኝ ይሆናል። አለ። ግን እነዚያ እናቶች በየቀኑ ብቻቸውን ሲያልፉበት ማን አጥር ሠራላቸው? መንገድን ከሌባ የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ሰው የሚመላለስበት ዱካ ጭር ካለው ይሻላል። ደግሞም ለሴት ልጅ ከታች ያለው ከተማ መች ቀለለና? መገናኛ ላይ ብስክሌት ይዤ ስቆም ከታክሲ ረዳት ‹‹እህት፣ የወንድምሽን ነው?›› ያልተባልኩበት ቀን የለም። ጫካው ውስጥ ማንም እንዲያ ብሎኝ አያውቅም።

ስለዚህ የምለው ይኸው ነው። ዱካዎቹ አይታጠሩ፣ አስፋልትም አይልበሱ። የሚያስፈልጋቸው ትንሽ ነገር ነው፤ ጎርፍ እንዳይበላቸው ውሃ መውረጃ፣ ሰው እንዳይጠፋ ታፔላ፣ ከታቹ የብስክሌት መስመር ጋር የሚያገናኝ መግቢያ። ታፔላው ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ በትልቁ ይጻፍ። መጀመሪያ ሸክም ያለበት፣ ቀጥሎ እግረኛና ሯጭ፣ መጨረሻ ብስክሌት። ማገዶ ለቃሚዎቹም ስለ ጫካው ሲመከር ይጠሩ፤ ከእነሱ በላይ የሚያውቀው የለምና። ያቺን እናት ‹‹ለከተማው ገጽታ አትመጥንም›› ብሎ አባርሮ ለእኔ ዱካውን የሚያስረክበኝ ካለ አልቀበልም።

እስከዚያው እኛ ማንንም ሳንጠብቅ መጀመር እንችላለን። በመጪው ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከእንግሊዝ ኤምባሲ አካባቢ ተነስተን ወደ ዋሻ ሚካኤል እንወጣለን። ትርፍ ካላማዳሪያ ያዙ፤ እዚያ ላይ ጎሚስታ የለም። ብስክሌታችሁ ላይ ደወል ይኑር። ቁልቁለት ስንወርድ ከፊታችን ሸክም ካየን እንወርዳለን፣ ብስክሌቱን ዳር እናስይዛለን፣ ‹‹እንደምን አደሩ›› እንላለን። ካለፉ በኋላ እንነዳለን።